ሥራን በከረጢት፣ ጡረታን በመንገድ



ባለፈው ሳምንት ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ስለ ወደ ፊት ኑሮ ስንነጋገር፣ እንደ ተለመደው አንዱ ሐኪም፣ አንዷ መሐንዲስ፣ ሌላው አይሮፕላን ነጂ ለመሆን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ግን ተራው ሲደርስ ብድግ አለና «እኔ ጡረተኛ ነው መሆን የምፈልገው» አለ። ክፍሉ በሙሉ በሣቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሣቄን መግታት አልቻልሁም። ልጁ ግን አልሣቀም። «መምህር፣ አይሣቁ። በ40 ዓመታቸው ሥራ ትተው ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች በቴሌፎኔ አያለሁ። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት በኮምፒዩተር ይሠራሉ፤ የቀረውን ጊዜ እንደ ልባቸው ይሆናሉ። ታዲያ ይህ ምኑ ያሥቃል?» ሲል ጠየቀኝ።

ደወሉ ተደወለና ከመልስ አዳነኝ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ልጁ የተናገረው ነገር ሕልም አይደለምና። እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ ከእነሱም አንዱ የእናቴ ወንድም ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ፣ ለዚያ ተማሪዬም፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ ወደ ማታ ትምህርት ለምትሮጡት ለእናንተም፣ ሐሳቡ ከየት እንደ ተነሣ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ በቴሌፎን ላይ የማይታየውም ችግር ምን እንደ ሆነ ላጫውታችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ የጐለመሰው በአሜሪካ ነው። በኒውዮርክ የገንዘብ ገበያ በዎል ስትሪት ይሠራ የነበረ ጆ ዶሚንጌዝ የተባለ ሰው፣ በ1969 ገና 30ዎቹን ሲጀምር ሥራውን ተወና ባጠራቀመው ገንዘብ በቁጠባ መኖር ጀመረ። በ1992 ከቪኪ ሮቢን ጋር ሆኖ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገንዘብህን ወይም ሕይወትህን» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ዋና ትምህርት፣ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ በእርግጥ የሚያወጣው ያንን ገንዘብ ለማግኘት የፈጀውን የዕድሜውን ሰዓት ነው የሚል ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ዊልያም ቤንገን የተባለ የካሊፎርኒያ የገንዘብ አማካሪ ነገሩን በቍጥር አሰላው። ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ መርምሮ፣ ገንዘቡን በእነዚህ ላይ ያዋለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 4 እጅ ቢያወጣ፣ በየዓመቱም የኑሮ ውድነቱን ያህል ቢጨምርበት፣ በክፉም ዘመን ቢሆን ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያደርሰው አገኘ። ይህን ገልብጠን ስናየው፣ አንድ ሰው ጡረታ ለመውጣት የዓመት ወጪውን 25 እጥፍ ማጠራቀም አለበት ማለት ነው። ቤንገን በ2025 ባወጣው መጽሐፍ 4 ያለውን ወደ 4.7 ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ስሌቱ የ30 ዓመት ስሌት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ65 ዓመቱ ለሚወጣ ሰው ይበቃ ይሆናል። በ45 ዓመቱ የሚወጣ ግን ገና 40 ወይም 50 ዓመት ሊኖር ስለሚችል እጁን ሰብሰብ ማድረግ ይኖርበታል።

ትንሿ ሥራ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። የአጎቴን ሒሳብ፣ ከራሳቸው ፈቃድ አግኝቼ፣ ልንገራችሁ። እሳቸው ገና በጕልምስና አሜሪካ ገብተው በዋሽንግተን አካባቢ 27 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ኖሩ። ሚስታቸው ከሞቱና ልጃቸው ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ፣ በ51 ዓመታቸው ቤታቸውን ሸጠው በመንገድ ላይ ለመኖር ቈረጡ። የዓመት ወጪያቸውን ቢያሰሉት 42,000 ዶላር ሆነ። በ25 ሲባዛ 1,050,000 ዶላር ይመጣል፤ ያን ያህል ደግሞ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ የሚያውቃቸው መሥሪያ ቤት በሳምንት 16 ሰዓት፣ በሰዓት 25 ዶላር ሒሳብ፣ መዝገብ እንዲይዙለት ተዋዋሉ። በዓመት 45 ሳምንት ቢሠሩ 18,000 ዶላር ነው። ከጥሪታቸው የሚፈልጉት የቀረውን 24,000 ብቻ ሆነ፤ ለዚህም 600,000 ዶላር ይበቃል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሳምንት የ4 ምሽት ሥራ የ450,000 ዶላር ጥሪትን ቦታ ተካ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ሙሉ ጡረታን እየጠበቁ ከሚያረጁ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይዘው ቀደም ብለው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ለጡረተኛ ከሁሉ የሚያስፈሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ናቸው። በ2008 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዋጋው ከሲሶ በላይ አጥቷል። ያን ጊዜ ሌላ ገቢ ያልነበረው ጡረተኛ ቀለቡን ለመግዛት አክሲዮኑን በርካሽ መሸጥ ግድ ይሆንበታል። ይህም በድርቅ ዘመን ዘሩን የበላ ገበሬ መሆን ነው፤ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው የለውም። ትንሿ ሥራ ግን ዘሩን ታስተርፋለች።

ሌላም አለ። የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ አበል የሚሰላው አንድ ሰው ደኅና ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ነው፤ ያልሠራባቸው ዓመታት በዜሮ ይገባሉ። አጎቴ 27 ዓመት ስለ ሠሩ 8 ዜሮ ይጠብቃቸው ነበር። አሁን በየዓመቱ በምታገባው ጥቂት ገቢ አንዱን ዜሮ ይሰርዛሉ። አበሉን ለመቀበል የሚቻለው ግን ከ62 ዓመት ጀምሮ ስለ ሆነ እስከዚያው ድረስ መቈያ ያስፈልጋል።

ከሩቅ ሆኖ መሥራት ራሱ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው በሚሄድበት ፈንታ ሥራው በቴሌፎን መስመር ወደ ሠራተኛው ይሂድ የሚለውን ሐሳብ በ1973 ስም አውጥቶለታል። እስከ 2020 ግን ነገሩ የጥቂቶች ዕድል ነበር። በዚያ ዓመት ኮሮና ዓለምን በየቤቱ ሲዘጋ ሚሊዮኖች ጽሕፈት ቤታቸውን ወደ ማድ ቤት ጠረጴዛ አዛወሩ። ጎብኚ ያጡ አገሮችም ይህን አይተው በር ከፈቱ። በ2020 ባርቤዶስ ከውጭ አገር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ለ12 ወር ተቀምጦ እንዲሠራ ፈቀደች፤ በዚያው ዓመት ኢስቶኒያ ተከተለች። በ2024 ጃፓን የ6 ወር፣ ታይላንድ ደግሞ 5 ዓመት የሚያገለግልና በአንድ መግባት 180 ቀን የሚያስቀምጥ ቪዛ አወጡ። እንዲህ ያለ ልዩ ቪዛ ያስፈለገበትም ምክንያት አለው። በብዙ አገር የጎብኚ ቪዛ ለመጐብኘት እንጂ ለመሥራት አይደለም፤ ደመወዙ ከሌላ አገር ቢመጣም እንኳ።

ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ገንዘቡ ተሰልቶ፣ አጎቴ ጕዞ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት በ8 ወር ውስጥ 11 ከተማ አዩ። አዩ ካልን ነው እንጂ! አንዱን ከተማ ለቅቆ ሌላው ውስጥ እስኪደላደሉ ሦስት ቀን ይሄዳል፤ ማደሪያ መፈለግ፣ ኢንተርኔቱ መሥራት አለመሥራቱን መፈተን፣ ምሳ የሚበሉበትን ማወቅ። በዚህ መካከል የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይጠብቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሥራውም መንገዱም ተበላሸባቸው። በኋላ ግን በአንድ ከተማ ሁለት ሦስት ወር መቀመጥን ተማሩ። የወር ኪራይ ከአዳር ኪራይ ይረክሳል፤ የጐረቤት ስም ይታወቃል፤ ሥራውም ቦታውን ይይዛል። ሕጉም ቢሆን መንገዱን ያመላክታል። አሜሪካዊ ጎብኚ በሸንገን ስምምነት በታቀፉት የአውሮፓ አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይቀመጣል። በብዙ አገሮች ደግሞ በዓመት 183 ቀን የቈየ ሰው ግብር ከፋይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ለአገሩ የግብር መግለጫ ማቅረብ ይኖርበታል። በ65 ዓመት የሚጀምረው የመንግሥታቸው የሕክምና መድን እንኳ ከአገር ውጭ ያለውን ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከፍል፣ መንገደኛው የራሱን ኢንሹራንስ መግዛት አለበት።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። አጎቴ በመጽሐፍ ያላገኙት የሰዓት ነገር ነው። ሥራቸው ከዋሽንግተን ሰዎች ጋር ስለ ነበረ፣ እነዚያ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ሲሠሩ እሳቸውም በዚያው ሰዓት መገኘት ነበረባቸው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በአሜሪካ የክረምት ወራት ይህ ሰዓት ሊዝበን ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ጧቱን ሙሉ ከተማውን ዞረው ከሰዓት በኋላ ይሠራሉ፤ መልካም ነው። ባንኮክ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ሰው ሲተኛ እሳቸው ይሠራሉ፣ ሰው ሲነሣ እሳቸው ይተኛሉ። ቦጎታ ላይ ግን ሰዓቱ ከዋሽንግተን ጋር አንድ ነው፤ ከጧቱ 3 እስከ 7 ሠርተው ከምሳ በኋላ ነፃ ሰው ይሆናሉ። ከዚህ የተማሩት ነገር፣ ሥራ ይዞ የሚዞር ሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳይሆን ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢጓዝ ይሻለዋል የሚል ነው። ካርታውን ዘርግታችሁ ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። አጎቴ ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት፣ አዲስ አበባ ገቡ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስላላቸው ያለ ቪዛ መግባትና መቀመጥ ይችላሉ፤ ያቀዱትም 4 ወር ከእናታቸው፣ ማለትም እኔም አብሬያቸው ከምኖረው ከአያቴ ጋር ለመቀመጥ ነበር። አያቴ 84 ዓመታቸው ነው። ቤቱ ተለቀለቀ፤ በጉም ታረደ፤ ጐረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎ» ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ተጀመረ። በጥር ወር ዋሽንግተን 3 ሰዓት ጧት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ አጎቴ በሳምንት 4 ቀን፣ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ የጓዳውን በር ዘግተው በጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ያደርጋሉ። እንደምታውቁት ይህ ሰዓት በኢትዮጵያ ቤት ምን ሰዓት ነው? ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከቢሮ የሚገባበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ራት የሚቀርብበት፣ ወሬ የሚነሣበት ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ሲሆን በሩ ይከፈታል፤ አያቴ ግን መሸብኝ ብለው ጸሎታቸውን አድርሰው ተኝተዋል። ጧት ደግሞ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጃቸው ለጕዳይ ወደ ከተማ ወጥቷል።

እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ማታ አያቴ ቡናው ቀርቦ ሳለ ስኒውን አስቀመጡና፣ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ እንደሚናገሩ ሆነው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ አሜሪካ ሳለ እሑድ እሑድ በቴሌፎን ፊቱን አየው ነበር። አሁን መጣ አላችሁኝ፤ እኔ የምሰማው ግን በተዘጋ በር ውስጥ ድምፁን ብቻ ነው። መጣ ማለት እንዲህ ነው እንዴ?»

በዚህ ላይ የራሴን ኀጢአት ሳልናዘዝ ባልፍ አንባቢዎቼን ማታለል ይሆንብኛል። ያን ማታ እኔ የት ነበርሁ? በሌላኛው ክፍል፣ በሌላ የተዘጋ በር ውስጥ ነበርሁ። የአስተማሪ ደመወዝ ምን እንደምታህል ታውቃላችሁ፤ ማታ ማታ ለገንዘብ የሰው ወረቀት እተረጕማለሁ። የአያቴን ቃል የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው። ለአጎቴ የተወረወረው ቃል መንገዱን ስቶ እኔንም መታኝ።

አጎቴ 3 ሰዓት ሲሆን ወጡ፤ የተባለውን ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የሒሳብ ሰው ናቸውና ወረቀት አምጣ አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ሳምንት ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «168 ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። «እኔ የምሠራው 16 ነው። ከ10 እጅ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ስወጣ ይህን አስልቼ ነፃ ወጣሁ ብዬ ነበር። ግን እየው፤ እማዬ የምትነቃበት፣ እናንተም የምትሰበሰቡበት ሰዓት ሁሉ ከዚያ ከ16ቱ ውስጥ ገብቷል። 152 ሰዓት ተረፈኝ ብዬ የያዝሁት እንቅልፍና የታክሲ ሰልፍ ነው» አሉና እርሳሱን አስቀመጡት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዛሬው ጽሑፌ ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ከዕድሜ በፊት ጡረታ ወጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ልሥራ?» ብሎ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «የትኛውን ሰዓት?» የሚለው ነው። ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። በሌሊት ያለ አንድ ሰዓትና ቡና የቀረበበት አንድ ሰዓት በሒሳብ መዝገብ አንድ ናቸው፤ በሰው ዕድሜ ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። ዶሚንጌዝ ገንዘብን በዕድሜ ሰዓት እንድንለካው አስተምሯል፤ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ በአያቴ ቃል ላይ ተመሥርቼ የምጨምረው፣ የሸጥነው ሰዓት ከማን ጋር ልናሳልፈው የምንችለው ሰዓት እንደ ነበረም እንመልከት የሚል ነው።

አጎቴ ያደረጉትም እንዲህ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈው፣ ሥራቸውን ሰው የሚፈልገውና ሰው የማይፈልገው ብለው ለሁለት ከፈሉት። መዝገብ ማስተካከልና ደረሰኝ ማመሳከር ማንንም አይፈልግም፤ ይህን በሳምንት 4 ቀን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ተኝታ ሳለ ይሠሩታል። እነዚያ ሲነቁ ሥራው ተጠናቅቆ ይጠብቃቸዋል። ስብሰባው ሁሉ በአንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲጠቃለል ለመኑ። መሥሪያ ቤቱ አንገራግሮ ተስማማ፤ ነገር ግን ሰዓቱ ከ16 ወደ 10 ስለ ወረደ ገቢያቸው በዓመት ከ18,000 ወደ 11,250 ዶላር ቀነሰ። 6,750 ዶላር በዓመት ቀላል ገንዘብ አይደለም። አጎቴ ግን በእናታቸው ቤት ሲቀመጡ ኪራይ አይከፍሉም፤ የቀረውንም ጕድለት ከሚቀጥለው ጕዟቸው አንዱን ሩቅ አገር በመሰረዝ ሞሉት። «በአንድ እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ሣቁ።

ከእሳቸው ጋር ካደረግሁት ጨዋታ፣ ነገሩን ለሚያስብ ሰው የሚጠቅም መስሎ የታየኝን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሥራውን ከመዋዋል በፊት በየትኛው ሰዓት መገኘት ግዴታ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ከውጭ አገር ሆኖ መሥራትም የተፈቀደ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በግብርና በምስጢር ጥበቃ ምክንያት የማይፈቅዱ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ጕዞው ይዘግይ፤ ወር ያልተቀመጡበት ከተማ ለሠራተኛ ሰው መተላለፊያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ሦስተኛ፣ የሥራውን ገቢ ለዕለት ቀለብ ብቻ ሳይሆን በክፉ ዓመት ጥሪትን ላለመሸጥ መጠቀም ነው። ሥራው አንድ ቀን ሊቋረጥ ስለሚችልም ያለ እሱ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት የሚያቈይ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። አራተኛ፣ ቤትን ከመሸጥ በፊት ኑሮውን በዕረፍት ጊዜ ሦስት ወር መሞከር ይገባል። አጎቴ ይህን ባለማድረጋቸው ይጸጸታሉ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የአሜሪካኑን ሒሳብ ገልብጦ ወደ ብር መመለስ አይቻልም። የእኛ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ ከደመወዛችን 7 በመቶ እኛ፣ 11 በመቶ መንግሥት ያዋጣል። የቤንገን ስሌት የተመሠረተው በመቶ ዓመት ግድም የገበያ ታሪክ ላይ ነው፤ የእኛ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ግን የተከፈተው በ2025 መጀመሪያ ነው። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብሩን በሣጥን ያስቀመጠ ሰው ምን እንደ ደረሰበት መናገር አያስፈልግም። ፓስፖርታችንም ለአብዛኛው አገር ቪዛ ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ተማሪዬ በ40 ዓመቱ ጡረታ እወጣለሁ ሲል መንገዱ ከአጎቴ መንገድ ይልቅ ዳገት እንደሚበዛበት ልደብቀው አይገባኝም።

ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ለእኛም የሚሆን አለ። ከሩቅ የሚሠራ ሙያ፣ ሒሳብም ቢሆን፣ ትርጕምም ቢሆን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍም ቢሆን፣ በወጣትነት የሚያዝ ነው። አጎቴ በሳምንት 10 ሰዓት ሠርተው የሚከበሩት 27 ዓመት ሙሉ ቀን ስለ ሠሩ ነው፤ የማያውቁትን ሰው በሩቅ ሆኖ የሚያምነው የለም። ሌላው ደግሞ የሰዓት ነገር ነው። ከእናንተ መካከል ቀን በመሥሪያ ቤት፣ ማታ በትምህርት ቤት፣ ሌሊት ደግሞ በትርፍ ሥራ የሚደክም ስንቱ ነው! ይህን የምታደርጉት በኋላ ከቤተሰባችሁ ጋር የምታርፉበትን ቀን ለማምጣት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ነገር ግን ያ ቀን ሲመጣ የጠበቅነው ሰው ሊኖር ላይኖር ይችላል። 84 ዓመት የሆናቸው ሰው የእኛን የጡረታ ቀን አይጠብቁም።

ስለዚህ እኔም ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የትርጕም ሥራዬን ወደ ማለዳ አዛውሬዋለሁ። 10 ሰዓት ሌሊት መነሣት ይከብዳል፤ ገቢዬም ጥቂት ቀንሷል። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማታ ግን በሬ ክፍት ነው።

የአጎቴን 4 ወር አያቴ እንዴት እንዳሳለፉት ነግሬያችሁ ላብቃ። የረቡዕን ስብሰባ እንደ ረቡዕ ጾም ተቀበሉት፤ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚፈታ ስለሚያውቁት አላስቸገራቸውም። በመጋቢት መጀመሪያ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲለውጡና ስብሰባው በአንድ ሰዓት ሲቀድም እንኳ ከሁላችን በፊት የያዙት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ጐረቤታችን ልጃቸውን ሊጠይቁ በረቡዕ ቢመጡ፣ አያቴ ከበር ላይ ተቀብለው የመለሱላቸውን ቃል ሰማሁ።

«ረቡዕ ልጄ አሜሪካ ነው» አሏቸው። «ነገ ኑ፤ ይመለሳል።»

ለተማሪዬም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጡረተኛ መሆንህ አያሥቅም፣ ልጄ። ብቻ ስትወጣ የምትመለስበትን ሰዓት የሚያውቅልህ ሰው ይኑርህ።